ሆስፒታል ለተኛ ሕፃን ስለሚደረገው የአፍንጫ ምርመራ



ሕፃን ልጅ ሳል ጠንቶበት ሆስፒታል ሲተኛ፥ ነርሷ ጫፉ ላይ ጥጥ ያለበት ቀጭን ዘንግ ይዛ ወደ አልጋው ትመጣለች። ዘንጉን አፍንጫው ውስጥ አግብታ፥ ጥቂት አዙራ ታወጣዋለች። ልጁ ያለቅሳል፤ እናቲቱም «ኧረ ልጄን ተዉት!» ብላ እቅፍ ታደርገዋለች። ይህን ብዙ ጊዜ እናያለን፤ አንፈርድባትምም።

በዘንጉ የሚወጣው ንፍጥ ብቻ ነው፤ ደም አይቀዳም። ንፍጡ በፈሳሽ ተበጥብጦ በትንሽ መመርመሪያ ላይ ጠብ ይደረጋል። ቡና ተቆልቶ አቦሉ እስኪቀዳ ባለው ጊዜ፥ ማለት ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ፥ መልሱ በመስመር ይታያል።

የሚፈለገው ቫይረስ የተባለው፥ በዓይን የማይታይ ተሐዋሲ ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው። አንዱ ሐኪሞች አር ኤስ ቪ የሚሉት ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1956 መጀመሪያ ቺምፓንዚ በሚባል የዝንጀሮ ወገን ላይ ተገኘ። ለትልቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተራ ጉንፋን ነው፤ ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ግን ትንንሾቹን የሳምባ ቧንቧዎች አሳብጦ ትንፋሽ ያሳጥረዋል።

ታዲያ መልሱ ምን ይጠቅማል? ኢንፍሉዌንዛ ከሆነ የራሱ መድኃኒት አለው። አር ኤስ ቪ ከሆነ ግን የሚያሽር መርፌ የለም፤ ልጁን የሚያሻግረው ኦክስጅን፥ የእናት ጡትና ጥበቃ ነው። የባክቴሪያ መድኃኒት ቫይረስ አይገድልምና፥ ሐኪሙ ሌላ ካልጠረጠረ በቀር «መርፌ ውጉልኝ» ብላችሁ አታስጨንቁት። እንጥል ማስቆረጥማ ከነጭራሹ አይታሰብ፤ ደም ያፈሳል እንጂ ሳል አያቆምም።

ትልቁ ጥቅም ግን በአጠገቡ ለተኛው ልጅ ነው። ቫይረሱ የተገኘበት ልጅ ገለል ብሎ ይተኛል። «ንቃችሁን ነው?» አትበሉ፤ ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ጨቅላ አጠገቡ ካለ፥ ይህ መለየት ሕይወቱን ሊያተርፈው ይችላል። እናት የልጇን ንፍጥ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፥ በዚያው እጇ የጎረቤቱን ልጅ ስታባብል አይተናል። ደግነት ነው፤ ነገር ግን በሽታው የሚሻገረው እንዲህ ነው። ቫይረሱ በአልጋ ብረት ላይ ለሰዓታት ይቆያል፤ ስለዚህ እጅ በሳሙና ይታጠብ። የሚያስለው ጠያቂ ዘመድም፥ ቢከፋውም እንኳ፥ ሕፃኑን አይሳም።

ይህ መመርመሪያ በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ቢገኝም አንዳንዴ ቫይረሱ እያለ «የለም» ይላል። ስለዚህ መስመሩ ምንም ቢል፥ ልጁ ጸጥ ባለ ጊዜ ደረቱን ገልጣችሁ ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። 2 ወር ላልሞላው 60፥ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50፥ ከዚያ እስከ 5 ዓመት 40 ከደረሰ ወይም ካለፈ በዝቷል። ሰዓት ከሌላችሁ፥ ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ይሰረጉድ እንደ ሆነ እዩ። ጡት እንቢ ካለ፥ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፥ ቤት ከሆናችሁ ሳይነጋ ተነሡ፤ ሆስፒታል ከሆናችሁም ነርሷን ከእንቅልፏ ቀስቅሱ።