በቤት ውስጥ ስለሚገኝ ደስታ
ስለ ፈትል፥ ስለ ስፌትና ስለ ዕለት ተግባር የተነገረ ንግግር



ሰው ሁሉ ደስታን ይፈልጋል፤ ነገር ግን ብዙው ሰው የሚፈልገው ከቤቱ ደጃፍ ውጭ ነው። አንዱ የዓመቱን በዓል ይጠብቃል፤ አንዱ የሰርጉን ቀን ይቈጥራል፤ አንዱም ወደ ሩቅ አገር መሄድን ይመኛል። በዓሉ ግን ደርሶ አንድ ቀን ውሎ ያልፋል፤ ሰርጉም በጥቂት ቀን ያልቃል። የተረፈው የዓመቱ ቀን ሁሉ የሚያልፈው በቤት ውስጥ፥ በእሳት ዳር፥ በገበታ ዙሪያ፥ በእጅ ሥራና በዕለት ተግባር ነው። እንግዲህ ደስታውን ለበዓል ብቻ ያስቀመጠ ሰው ከዓመቱ ጥቂቱን ቀን ኖረ፥ የቀረውን ግን እንዲያው አሳለፈው ማለት ነው።

ስለዚህ የዚህ ንግግር ነገር ስለ ታላላቅ ጉዳይ አይደለም፤ ስለ እንዝርትና ስለ ወስፌ፥ ስለ ጀበናና ስለ ጓሮ ነው። ነገሩ ታናሽ ቢመስልም ሲኖር ቤትን የሚሞላ፥ ሲጠፋም ቤትን የሚያጎድል መሆኑ በየተራው ይነገራል።

አንደኛው ፈትል ነው። ጥጥ ከገበያ ሲመጣ ፍሬው በውስጡ ነው። ፈታይቱ አስቀድማ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጋ በብረት መዳመጫ ትዳምጠዋለች፤ ፍሬውም ከጥጡ ይለያል። ከዚህ በኋላ በደጋን ትነድፈዋለች፤ ጅማቱ በተነካ ቍጥር ጥጡ እንደ ማለዳ ጉም ይነፋል። የተነደፈው ባዘቶ ይባላል። ባዘቶውን በአንድ እጅዋ ይዛ በሌላው እጅዋ እንዝርቱን ታሾራለች፤ የተፈተለውም ክር በእንዝርቱ ላይ እየተጠቀለለ ልቃቂት ይሆናል። ክሩም ሁለት ዐይነት ነው፤ ድሩ ጠንክሮ የተገመደ ነው፥ ማጉ ግን ለስለስ ያለ ነው። ድር ያለ ማግ፥ ማግም ያለ ድር ሸማ አይሆንም፤ እንዲሁም የፈታይቱ ድካም ያለ ሸማኔው፥ የሸማኔውም ጥበብ ያለ ፈታይቱ ብቻውን አይቆምም። እርስዋ በቤትዋ የፈተለችውን እርሱ ከጉድጓዱ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ፥ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፥ ከቀኝ ወደ ግራ እየወረወረ ነጠላና ጋቢ ያደርገዋል። ዛሬ በብዙ ስፍራ ድሩ የፋብሪካ ነው፤ ማጉ የእጅ ፈትል የሆነለት ጋቢ ግን ልስላሴው በዳሰሱት ጊዜ ይታወቃል።

ይህ ሥራ ለምን ደስ ያሰኛል ቢሉ፥ በሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ፥ እጅን ይይዛል እንጂ አፍንና ጆሮን አይዘጋም፤ ፈታይቱ እየፈተለች ታወራለች፥ ትሰማለች፥ ሕፃን ታጫውታለች። ሁለተኛ፥ የድካሙ ፍሬ በዐይን ይታያል፤ ትናንት ቡጢ የምታህል የነበረች ልቃቂት ዛሬ ከፍ ብላ ትገኛለች። በዓለም ላይ ብዙ ሥራ አለ፥ ሠሪው ግን ማታ ሲመለስ ምን እንደ ሠራ ማሳየት አይችልም፤ ፈታይቱ ግን ታሳያለች። ሦስተኛ፥ ሥራው ሰው አለው። አንዲት እናት ለልጅዋ ጋቢ ስትፈትል ክሩን ብቻ አታስብም፤ በክረምት ብርድ ማን እንደሚለብሰው ታስባለች። አራት ድርብ የሆነው ያ ጋቢ ከገበያ በተገዛ ልብስ የማይገኝ ሙቀት አለው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ስፌት ነው። ክረምቱ ሲወጣ፥ በመስከረም ወር፥ ልጃገረዶች ስንደዶና አክርማ ለመልቀም ወደ መስክ ይወርዳሉ። ሣሩ ይደርቃል፥ ይሰነጠቃል፥ ከፊሉም በቀለም ይነከራል። ሰፊይቱ የሣሩን ነዶ እንደ ገመድ እያዞረች፥ በወስፌ እየበሳች፥ በአክርማ እየጠቀለለች ትሰፋለች። መጀመሪያው እንደ ሳንቲም ያለ ክብ ነው፤ ከዚያ ሰፌድ፥ ሙዳይ፥ ሌማት፥ መሶብ ይወጣል። ንድፍ በወረቀት የለም፤ ንድፉ በሰፊይቱ አሳብ ውስጥ ነው። ቀዩ የት እንዲገባ፥ ጥቁሩ የት እንዲያልቅ ዙሩን ቈጥራ ታውቃለች፤ አንዲት ዙር የሳተች እንደ ሆነ ሐረጉ አይገጥምምና ፈትታ እንደ ገና ትሰፋለች። ይህ ደግሞ ትዕግሥትን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነው፤ ተማሪዋም ሳትቈጣና ሳትማረር ስሕተትን ማረም ትለምዳለች።

በሐረር ከተማ የቤቱ ግድግዳ በስፌት ሥራ ይሸለማል፤ ወደ ቤቱ የገባ እንግዳ ቀና ሲል በዕለት ሥራ የሚያገለግለውን ዕቃ እንደ ጌጥ ተሰቅሎ ያየዋል። ይህ ልማድ ታላቅ ምክር አለው። ለዕለት ሥራ የሚሆነው ዕቃ ያማረ ከሆነ፥ የዕለቱም ሥራ የተዋረደ አይደለም ማለት ነውና። እንጀራ በማናቸውም ዕቃ ላይ ቢቀመጥ ሊበላ ይችላል፤ ሰው ግን ለእንጀራው መሶብ ሰፋለት፥ ለመሶቡም ሐረግ አወጣለት። ይህን ያደረገው ረኀብ አይደለም፤ ደስታ ነው።

ሦስተኛው የቡና ሥርዐት ነው። ቄጤማው ይጎዘጎዛል፤ ቡናው ታጥቦ ይቈላል፤ ጢሱ በቤቱ ላሉት ሁሉ በየተራ ይቀርባል፤ በሙቀጫ ይወቀጣል፥ በጀበና ይፈላል። አቦል፥ ቶና፥ በረካ እየተባለ ሦስት ጊዜ ይቀዳል። ስኒው ታናሽ ነው፤ ጊዜው ግን ሰፊ ነው። ጥሙን ለመቍረጥ ብቻ የፈለገ ሰው በአንድ ትልቅ ዋንጫ ውሃ ጠጥቶ ይሄድ ነበር፤ ሦስት ጊዜ መቀመጡ ግን ለወሬና ለዕርቅ፥ የታመመውን ለመጠየቅ፥ ያዘነውን ለማጽናናት ነው። የተጣሉ ጎረቤቶች በአቦል ተኳርፈው ተቀምጠው በበረካ ሲሳሳቁ ማየት አዲስ ነገር አይደለም።

በዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ይህ ሥርዐት ዛሬ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስላል፤ ነገር ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን በብዙ ክርስቲያን ቤት ቡና መጠጣት ይነቀፍ ነበር፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነቀፌታው እየቀረ ሄደ። እንግዲህ አያቶች የተነቀፈውን ተቀብለው፥ ቄጤማና እጣን ጨምረው፥ የፍቅር ማኅበር አደረጉት። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ የቤት ደስታ ከአባቶች የሚወረስ ብቻ ሳይሆን በልጆችም የሚሠራ መሆኑ ነው። በዚህ ዘመን ያለ ቤተ ሰብም በጠባብ ቤት ቢኖር፥ ጓሮ ባይኖረው፥ በመስኮቱ ሥር በጣሳ ጤና አዳምና በሶብላ ተክሎ ማለዳ ውሃ ማጠጣትን ልማዱ ቢያደርግ፥ ይህች ልማድ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለልጆቹ የአባት ቤት ሽታ ትሆናለች።

ነገር ግን በዚህ ንግግር ላይ ሁለት መቃወሚያ ይነሣል።

ፊተኛው፥ የእጅ ሥራ የታናናሾች ሥራ ነው የሚል ነው። ይህ አሳብ በአገራችን ብዙ ጉዳት አድርጎአል። ብረት የሚሠራው፥ ሸማ የሚሠራው፥ ቆዳ የሚፍቀው ሁሉ በሥራው ይሰደብ ነበር፤ መጽሐፍ የሚጽፈው እንኳ ጠንቋይ ይባል ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ የከለከሉት ስለዚህ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ እንደ ነበረ በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 18 ይነገራል። በዚያው መጽሐፍ በምዕራፍ 9 ጣቢታ በሞተች ጊዜ ባልቴቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት ቤትዋንና ገንዘብዋን አልነበረም፤ በእጅዋ የሠራችውን ልብስ ነበር። በመርፌ የተሠራ ታናሽ ሥራ በሞት ቀን ምስክር ሆኖ ቆመላት።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከፊተኛው ይልቅ የከበደ ነው። የቤት ሥራ ለሴቶች ሸክም እንጂ ደስታ አይደለም የሚል ነው። ይህ እውነት አለው። ከሌሊት ጀምራ በድንጋይ ወፍጮ የፈጨች፥ ከሩቅ ምንጭ እንስራ ያዘለች፥ እንጨት ተሸክማ ወገብዋ የጎበጠ ሴት፥ ድካምሽ ደስታሽ ነው ብትባል መሳለቅ ይሆናል። የሞተር ወፍጮ በመጣ ጊዜ ሴቶች ደስ ቢላቸው በሚገባ ነው፤ የቧንቧ ውሃም በደጅ ቢገባ ሊመሰገን ይገባዋል። ሸክምና ደስታ የሚለዩት በዚህ ነው። ሸክም በአንዱ ትከሻ ላይ ብቻ የተጫነ ነው፤ ደስታ ግን ሰው በፈቃዱ የሚያነሣውና ከሌላው ጋር የሚካፈለው ነው። ስለዚህ ቤቱ ደስታ እንዲኖረው የሚወድ ባል አስቀድሞ ከሸክሙ ድርሻውን ያንሣ። ውሃ የቀዳ፥ እንጨት የፈለጠ፥ ልጅ ያቀፈ ወንድ ክብሩ አልጎደለም፤ ሚስቱ እንዝርትዋን በደስታ የምታነሣበትን ጊዜ ሰጣት እንጂ።

አሁን ደግሞ በየቤቱ ስለሚታይ አንድ ኀዘን ይነገራል። በገጠር ዘመንዋን ሁሉ ስትሠራ የኖረች እናት ስታረጅ ልጆችዋ ወደ ከተማ ያመጡአታል። ይወዱአታልና ምንም ሥራ እንዳታደርግ ይከለክሉአታል፤ ዐረፍ በዪ፥ ደክመሻል ይሉአታል። እንዝርቱ በገጠር ቀርቶአል፤ ሣሩ ከከተማ አይገኝም፤ ጎረቤትዋን አታውቅም። ልጆችዋ ማለዳ ወጥተው ማታ ይመለሳሉ፤ በተመለሱም ጊዜ ዐይናቸው በስልካቸው ላይ ነው። እርስዋ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ እጆችዋን በጉልበትዋ ላይ አድርጋ ትውላለች። ምግብ አልጎደለባትም፥ ልብስም አልጎደለባትም፤ የጎደለባት፥ ይህን የሠራችው እናቴ ናት የሚላት ሰው ነው። ልጆችዋ ከእጅዋ ድካምን የወሰዱ መሰላቸው፤ ከድካሙ ጋር ግን ደስታዋን ወሰዱ።

መድኀኒቱ ሩቅ አይደለም። ጥጥና እንዝርት በገበያ ይገኛል። ከእንጦጦ ግርጌ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ዘንድ የተፈተለ ማግ ቢወሰድ ሸማ ሆኖ ይመለሳል። እናት ትፍተል፤ የልጅ ልጅዋም በአጠገብዋ ተቀምጣ ባዘቶ ታቀብላት፥ ከዚያም ራስዋ ትሞክር። የፊተኛው ክርዋ ይበጠሳል፥ አንዱ ስፍራ ይወፍራል፥ አንዱ ይቀጥናል፤ አሮጊቲቱም ትስቃለች። ያች ሳቅ ለቤቱ ትበቃለች። ስልክን መጣል አያስፈልግም፤ ሩቅ ያለውን ዘመድ ያቀርባልና ጥቅም አለው። ነገር ግን ዐይን ብዙ አይቶ እጅ ምንም ሳይሠራ የዋለ እንደ ሆነ፥ ማታ ልብ ባዶ ሆኖ ይገኛል።

ወንዶችም ከዚህ ደስታ ውጭ አይደሉም። አሥር አውታር ያለው በገና ይልቁንም በዐቢይ ጾም ማታ ማታ በቤት ይደረደራል፤ ድምፁም ዝግ ያለ ስለ ሆነ ለአዳራሽ ሳይሆን ለእልፍኝ የተሠራ ይመስላል። ብራና መፋቅ፥ ቀለም መበጥበጥ፥ ዕንጨት መጥረብ፥ ንብ ማነብ ሁሉ ከዋናው ሥራ የተረፈውን ሰዓት የሚሞላ መልካም ተግባር ነው። ከመጠጥ ቤት የሚመልሰው ተግሣጽ ብቻ አይደለም፤ በቤቱ የጀመረው ሥራ ያለው ሰው ማንም ሳይጠራው ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ የሚባለው ምሳሌ ከአንጥረኛ የመጣ ነው። አንጥረኛው አስቀድሞ የጌጡን መልክ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፥ ወርቁም በሰሙ ስፍራ ይገባል። ወርቁ መልኩን የሚያገኘው ከሰሙ ነው። የዕለት ተግባር እንደ ሰም ነው፤ ቀልጦ ያልፋል፤ የተፈላው ቡና ይጠጣል፥ የተጠረገው ቤት ይቈሽሻል፥ ጋቢውም ያረጃል። ነገር ግን በዚያ ሁሉ መካከል በቤተ ሰብ ልብ ውስጥ የፈሰሰው ፍቅር መልክ ይዞ ይቀራል። ሰሙን የናቀ ሰው ወርቁን የሚያፈስበት ስፍራ የለውም።

እንግዲህ ክቡራንና ክቡራት ሆይ፥ ዛሬ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰፌድ፥ በሳጥን ውስጥ የታጠፈውን ጋቢ ተመልከቱ፤ ማን እንደ ሠራውም ለልጆቻችሁ ንገሩአቸው። ሠሪዋ በሕይወት ካለች ለራስዋ ንገሩአት፤ እጅሽ ይባረክ በሉአት። ይህን ቃል ለመናገር የዓመት በዓል መጠበቅ አያስፈልግም።