ፋሲካ የሌለው ጾም፦ የስኳር ሕመምተኛ ማዕድና ትንንሽ ድሎቹ

(በሐዋሳ ከተማ በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የዚህ ስብሰባ አዘጋጆች ስለ ስኳር ሕመምተኞች አመጋገብ እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፣ የሚበላውንና የማይበላውን የሚዘረዝር ንግግር እንደማላቀርብ አስቀድሜ ገልጬላቸው ነበር። ዝርዝሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከሕመምተኞቻችንም ብዙዎቹ በቃላቸው ይዘውታል። አስቸጋሪው ነገር ዝርዝሩን ማወቅ ሳይሆን ከዝርዝሩ ጋር ዕድሜ ልክ መኖር ነው። ስለሆነም ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ አኗኗር፣ በተለይም በዚህ ረጅም መንገድ ላይ የሚገኙትን ትንንሽ ድሎች ማን ሊያያቸውና ሊያከብራቸው እንደሚገባ ነው።

እንደሚታወቀው፣ ሕዝባችን ከምግብ መከልከልን ከሌላ የሚማር ሕዝብ አይደለም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ዐቢይ ጾምን ብቻ 55 ቀን ይጾማል፤ ሙስሊሙ ወገናችን ረመዳንን ከንጋት እስከ ምሽት ከውኃ ጭምር ተከልክሎ ያሳልፋል። እንዲህ ያለውን ሰው ራሱን መግዛት አይችልም ብሎ የሚደፍር ማን ነው? ይሁንና ይኸው 55 ቀን ሥጋና ቅቤ ሳይቀምስ የከረመ ሰው፣ በሻዩ ላይ የሚጨምረውን ስኳር እንዲተው በታዘዘ በሁለተኛው ወር ሲሰለች እናየዋለን። ምክንያቱን በሕመምተኛው ስንፍና ማሳበብ ይቀለናል። እኔ ግን ምክንያቱ ጾሙ በተሠራበት መንገድና እኛ ትእዛዝ በምንሰጥበት መንገድ መካከል ካለው ልዩነት የሚመነጭ ይመስለኛል።

ዐቢይ ጾም እንዴት እንደተደራጀ ልብ እንበል። አባቶች 55ቱን ቀን እንደ አንድ ረጅም ገመድ ዘርግተው አልተዉትም። ለየሳምንቱ ስም ሰጡት፦ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መፃጉዕ እያለ እስከ ሆሣዕና ይደርሳል። ደብረ ዘይት ሲሆን ጿሚው የጾሙ እኩሌታ ላይ መድረሱን ያውቃል፤ ያችም እሑድ የራሷ ዜማና የራሷ ንባብ አላት። ጿሚው ቀን አይቆጥርም ማለቴ አይደለም፤ ይቆጥራል፤ ነገር ግን የሚቆጥርበት ምልክት ተሰጥቶታል። ከዚህም በላይ ብቻውን አይጾምም። የቤቱ ድስት የጾም ድስት ነው፤ ጎረቤቱም ጿሚ ነው፤ ምግብ ቤቱ ሳይቀር የጾም በያይነቱን አሰናድቶ ይጠብቀዋል። በመጨረሻውም ፋሲካ አለ።

አሁን የስኳር ሕመምተኛውን ጾም እንመልከት። ለሳምንታቱ ስም የለውም። የቤቱ ድስት እንደ ወትሮው ይጣዳል፤ ሕመምተኛዋ የቤቱ እመቤት ከሆነች ደግሞ ራሷ ጥዳ፣ ራሷ አውጥታ፣ ለሌላው አቅርባ እሷ ትከለከላለች። ከሁሉም የሚከብደው ግን ፋሲካ የሌለው መሆኑ ነው። መቼ ያበቃል ብሎ ለሚጠይቀን ሰው የምንሰጠው መልስ "አያበቃም" የሚል ነው።

በዚህ ላይ ሌላ ችግር ይታከላል። የዚህ ጾም ዋጋ አይታይም። በአግባቡ የተመገበ የስኳር ሕመምተኛ የሚያገኘው ብድራት የዓይኑ ብርሃን አለመጥፋቱ፣ እግሩ አለመቁሰሉ፣ ኩላሊቱ አለመድከሙ ነው። ያልመጣን ጉዳት ደግሞ ማንም በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ አይደሰትበትም። ራስ ምታት ያለበት ሰው ክኒን ሲውጥ ምታቱ ሲለቀው ይሰማዋል፤ ግማሽ እንጀራ ትቶ ከማዕድ የተነሣ ሰው ግን የሚሰማው ረኃቡ ብቻ ነው። ስለዚህ ድሉን የሚያይለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ከቤተሰቡ ቀጥሎ እኛ ነን።

ወደ ኋላ መለስ ብለን የሕክምናውን ታሪክ ብናይ፣ ከእኛ በፊት የነበሩት ይህን ጉዳይ በሚገባ ያውቁት እንደነበር እንረዳለን። ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት በነበሩት ዓመታት በአሜሪካ ዶክተር ፍሬድሪክ አለን የተባሉት ሐኪም ሕመምተኞቻቸውን በሕይወት ያቆዩ የነበረው ከረኃብ በማይለይ አመጋገብ ነበር። ከሕመምተኞቻቸው አንዷ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት የቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ ልጅ ኤልሳቤጥ ነበረች። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1922 ኢንሱሊን ፍለጋ ወደ ቶሮንቶ ስትሄድ ዕድሜዋ 15 ዓመት ሊሞላ ተቃርቦ ሳለ ክብደቷ 20 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነበር። በእነዚያ የረኃብ ዓመታት ልደቷ ሲደርስ ኬክ ስለማይፈቀድላት፣ የባርኔጣ ካርቶን በሮዝና በነጭ ወረቀት ተሸፍኖ ሻማ ይተከልበት ነበር ይባላል። ይህን ታሪክ ያነበበ አንዳንድ ሰው ከንፈሩን ሲመጥ አይቻለሁ። እኔ ግን የካርቶኑን ኬክ ያዘጋጀውን ሰው አደንቃለሁ፤ ምግቡ ቢከለከልም በዓሉ መከልከል እንደሌለበት ገብቶት ነበርና። ኤልሳቤጥ ኢንሱሊኑን አግኝታ እስከ 1981 እ.ኤ.አ. ኖራለች።

የቦስተኑ ዶክተር ኤልዮት ጆስሊንም ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከስኳር በሽታ ጋር 25 ዓመት በመልካም ጤንነት ለኖሩ ሰዎች ሜዳይ መስጠት ጀመሩ። እኒህ ሰው ጥብቅ ሥርዓት አዝዘው የማይለቁ ሐኪም ነበሩ፤ ነገር ግን ሥርዓት የሚያዝዝ ሰው ሥርዓቱን የጠበቀውን የማክበር ግዴታ እንዳለበት ተረድተዋል። ሩብ ምእት ዓመት ግን ረጅም ነው። ለእኛ ሕመምተኛ ከሚቀጥለው ቀጠሮ በፊት የሚደርስ ነገር ያስፈልገዋል።

ወደ ራሳችን ከተማ ማዕድ እንመለስ። ሐዋሳ ላይ ከምግብ መቆጠብ ቀላል አይደለም። ደስታችንን የምንገልጸው በማብላት ነው፤ ፍቅራችንንም በጉርሻ። "አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ጉርሻ ያፋቅራል" በሚባልበት አገር ጉርሻ መልሶ ወዳጅነትን ማቆየት ከዲፕሎማሲ የማይተናነስ ጥበብ ይጠይቃል። የፍቼ ጫምባላላ በዓልን ውሰዱ። ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ይህ የሲዳማ ዘመን መለወጫ መሠረቱ ማዕድ መካፈል ነው። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ባል ያገባች ሴት በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿን ለመጠየቅ ስትመጣ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራውን ቡሪሳሜ ይዛ ትመጣና ከጎረቤት ጋር ይበላ ነበር። ዛሬም ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ እንኳን አደረሳችሁ ሲሉ የሚቀርብላቸው ይኸው ነው። እንግዲህ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አንድ የሲዳማ አባት በዚያ ቀን ቡሪሳሜ አይቅመሱ ብለን ብናዝዝ፣ የከለከልናቸው ምግብ ብቻ አይደለም፤ ከዘመድ ጋር የሚያገናኛቸውን ድልድይ ጭምር ነው። ማዕዱ ላይ ተቀምጠው፣ ጥቂት ቀምሰው፣ ጎመኑን አብዝተው፣ ሁለተኛውን ጣባ "ደርሶኛል" ብለው ከመለሱ፣ እኔ ይህን ትልቅ ድል ብዬ በካርዳቸው ላይ እጽፈዋለሁ።

የቡናውም ነገር እንዲሁ ነው። በአንድ ስኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር የምትጨምር ሴት አቦል፣ ቶናና በረካ ስትጠጣ ስድስት ማንኪያ ይሆናል። አንዱን ማንኪያ በ4 ግራም ብናስበው በቀን 24 ግራም፣ በ30 ቀን ደግሞ 720 ግራም ስኳር ማለት ነው። እያንዳንዱን ስኒ ወደ አንድ ማንኪያ ብታወርደው በወር 360 ግራም ከደሟ አራቀች። በዓለም ገበያ ስሙ በታወቀው በሲዳማ ቡና አገር ተቀምጦ የቡናን ጣዕም በስኳር መሸፈን፣ ሕክምናውን ትተን በጣዕሙም ረገድ ቢሆን የሚያስወቅስ ይመስለኛል። በየጭማቂ ቤቱም አቮካዶው በራሱ ያለው ስኳር እጅግ ጥቂት ሆኖ ሳለ፣ ስኳር የሚጨመርበት በልማድ ነው። "ያለ ስኳር፣ ሎሚ ብቻ" ብሎ ማዘዝ የአንዲት ዐረፍተ ነገር ሥራ ነው፤ ይህችን ዐረፍተ ነገር በጓደኞች ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ መናገር ግን ድፍረት ይጠይቃል። አሞራ ገደል ወርዶ የተጠበሰውን ዓሣ በሾርባ የለወጠ ሰውም እንደዚሁ።

ከዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ጠለቅ ብለን ልናየው ይገባል። የምናከብረው ድል የትኛው ነው? ብዙዎቻችን የምናከብረው ቁጥሩን ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ የተለካው ስኳር ወርዶ ሲገኝ "ጎበዝ" እንላለን፤ ከፍ ሲል ፊታችንን እናጨፈግጋለን። ሕመምተኛውም ፊታችንን ማንበብ ይማራል። ከቀጠሮው በፊት ሦስት ቀን በርትቶ ይቆጠብና ባማረ ቁጥር ይመጣል፤ በማግስቱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። የባዶ ሆድ ልኬት የሚነግረን የቅርቡን ነው፤ የሁለት ሦስት ወሩን ታሪክ የሚናገረው፣ ምርመራው በሚገኝበት ቦታ፣ ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ ነው። ደግሞም ቁጥር በምግብ ብቻ አይታዘዝም፤ ትኩሳት፣ ቁስል፣ ሐዘን፣ የመድኃኒት መቋረጥ ሁሉ ያስነሡታል። በትክክል በልቶ ቁጥሩ ከፍ ያለበትን ሰው ብንቆጣው የቀጣነው ትጋቱን ነው። ስለዚህ ምስጋናችን ከቁጥሩ በፊት ለሥራው ይሁን እላለሁ።

ከዚህ የሚብስም አለ። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚውጥ ሰው ምግብ በዘለለ ቁጥር ድል ያገኘ ከመሰለው አደጋ ላይ ነው። "ዛሬ እስከ ማታ ሳልበላ ዋልኩ" ብሎ በኩራት የሚነግረንን ሕመምተኛ ልናጨበጭብለት አይገባም። ስኳሩ ከ70 በታች ሲወርድ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ይመጣል፤ በዚያች ሰዓት ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት ሥርዓት ማፍረስ ሳይሆን መድኃኒት መውሰድ ነው። መጾም የሚፈልግም አስቀድሞ መድኃኒቱን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል። ድሉ በልክና በሰዓቱ መብላት ነው፤ አለመብላት ድል የሆነበት ዘመን ኢንሱሊን ከመገኘቱ ጋር አልፏል።

"ትንሽ" የምንለው ነገርስ በእውነት ትንሽ ነውን? እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካው የስኳር በሽታ መከላከል ጥናት 3,234 ለበሽታው የተጋለጡ ሰዎችን የያዘ ነበር። ከመካከላቸው የአኗኗር ለውጥ እንዲያደርጉ ለተመደቡት የተሰጣቸው ግብ ክብደታቸውን በመቶ 7 መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር። በዚህም በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በመቶ 58 ቀነሰ። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በመቶ 7 ማለት አምስት ኪሎ ተኩል ያህል ነው። 150 ደቂቃውም በሳምንት አምስት ቀን በፍቅር ሐይቅ ዳር ግማሽ ግማሽ ሰዓት መራመድ ማለት ነው፤ ለጥ ባለው በሐዋሳ ምድር ላይ ዳገት አለብኝ የሚል ሰበብ አይቀርብም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የማቀርበው ሐሳብ ገንዘብ አይጠይቅም። በክትትል ካርዱ ላይ ክብደት፣ የደም ግፊትና ስኳር ከሚጻፍበት አጠገብ አንዲት መሥመር እንጨምር፦ "ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ የተሳካ ነገር።" ጥያቄውንም ከቁጥሩ በፊት እንጠይቅ። አንዲት እናት ቀርበው እንበል።

"እማማ፣ ካለፈው ወዲህ በአመጋገብዎ የተሳካልዎ ነገር ምንድን ነው?"

"ምን ይሳካልኛል ሲስተር፤ ከፍ ብሏል አይደል የምትሉኝ?"

"እሱን እንደርስበታለን። በቤትዎ የለወጡት ነገር የለም?"

"በረካውን ያለ ስኳር ነው የምጠጣው። ለጎረቤት ግን አልተናገርኩም፤ ስኳር ቆጠበች ይሉኛል ብዬ።"

ይህች መልስ ካርዱ ላይ ትጻፍ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላ ባለሙያ ቢቀበላቸው እንኳ "በረካው እንዴት ሆነ?" ብሎ ይጀምር። ሰው ያደረገውን የሚያስታውስለት ሲያገኝ ምን ያህል እንደሚበረታ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። የቤተሰብ አባል አብሮ ከመጣም በእሱ ፊት ይነገር፤ በማግስቱ ድስቱ ውስጥ የሚገባውን ዘይት የሚወስነው አንዳንዴ ያ አስታማሚ ነውና።

ክብረ በዓሉስ በምን ይሁን? በኬክና በለስላሳ እንዳይሆን ግልጽ ነው። በሰልፍ ላይ ያሉ ሕመምተኞች እርስ በርሳቸው ካርድ ሲተያዩ አይተናል፤ እንግዲያውስ በወር አንድ ጠዋት፣ ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ለሩብ ሰዓት አሰባስበናቸው እያንዳንዱ አንድ የተሳካለትን ነገር ይናገር፤ ሌላው ያጨብጭብለት። ሦስት ወር የጸናውን የሦስት ወር፣ ስድስት ወር የጸናውን የስድስት ወር ብለን ስም እንስጠው። ያልተሳካለትም ሰው ይምጣ፤ ተቀምጦ ይስማ፤ ተራው ሲደርስ "ለእኔ ይህ ወር አልሆነልኝም" ቢል አጨብጭበን እናሳልፈው።

ይህን አሠራር በየምትሠሩበት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ለመሞከር ፈቃደኛ የሆናችሁ ባልደረቦች ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን ብታስመዘግቡ፣ የካርዱን መሥመር አቀራረብ አብረን እንወስናለን። ለጥያቄያችሁ ጊዜ እንዲተርፍ እዚህ ላይ አቆማለሁ።