ከቤት ሳይወጡ የሚለመድ በጀት



12ኛ ክፍልን ያጠናቀቁ ወጣቶች ከወላጆቻቸው ቤት ሲወጡ ምግቡም፣ ኪራዩም፣ ትራንስፖርቱም ባንድ ጊዜ እነሱ ላይ ይወድቃል። ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት ጫናው ለጊዜው ይቀልላቸዋል፤ ነገር ግን በወጪ መጋራት ውል የሚመዘገበው ሂሳብ በኋላ ከደመወዝ የሚከፈል ዕዳ ነው። ሥራ የሚጀምሩት ደግሞ ከመጀመሪያው ወር ሙሉውን ይሸከማሉ። ስለዚህ በጀት ማውጣት በወላጅ ቤት ሳሉ መለመድ ያለበት ሙያ ነው።

በጀት የሚነሳው እጅ ላይ ከሚደርሰው ገንዘብ እንጂ በቅጥር ደብዳቤ ላይ ከተጻፈው አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት ከወር ደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር አይከፈልበትም፤ ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ ጀምሮ በደረጃ ይቆረጥበታል። ሠራተኛው ለጡረታ 7 በመቶ ያዋጣል። በ8,000 ብር የተቀጠረ ወጣት 1,150 ብር ግብርና 560 ብር ጡረታ ተቀንሶበት 6,290 ብር ይደርሰዋል። በ8,000 ብር ያቀደ ሰው ወሩን የሚጀምረው ከጉድለት ነው።

ከዚህ ገንዘብ ቅድሚያ የሚወስደው ኪራይ ነው። በመጀመሪያው ወር ቅድመ ክፍያው፣ የደላላው ኮሚሽን፣ ፍራሹና ድስቱ ይደራረባሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ተከራይ ይህን ማወቅ አለበት። በደባልነት መኖር ኪራዩን ያካፍላል፤ የመብራትና የውሃው ድርሻ ግን ከመግባት በፊት ቁርጡ መታወቅ አለበት።

ምግብ ሁለተኛው ትልቅ ወጪ ነው። ሽሮ፣ በርበሬና ዘይት በየዕለቱ በትንሽ በትንሹ ሲገዙ ይወደዳሉ፤ የወሩን አስቤዛ ባንዴ ገዝቶ ቤት ማብሰል የሚችል ወጣት ብዙ ያተርፋል። ወጥ መሥራትን ለወንድም ለሴትም ልጅ ማስተማር የበጀት ትምህርት አካል የሚሆነው ለዚህ ነው።

በጀትን በብዛት የሚያናጉት በየወሩ የማይመጡ ወጪዎች ናቸው፤ በዓል፣ ልብስ፣ ሕመም፣ ለቅሶ፣ ለቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ። መፍትሔው የዓመቱን ገምቶ ለ12 ማካፈል ነው፤ በዓመት 3,600 ብር የሚጠይቅ ወጪ በየወሩ 300 ብር ይቀመጥለታል። ዕቁብ የመቆጠብ ልማድን ያጠናክራል፤ ነገር ግን ዕጣው መቼ እንደሚወጣ ስለማይታወቅ ለድንገተኛ ሕመም አያስተማምንም። ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ባንክ ለብቻው ይቀመጣል። በሞባይል የሚገኝ ፈጣን ብድርም ክፍያ ስላለው ከመወሰዱ በፊት የሚመለሰው ድምር መታየት አለበት።

ይህ ሁሉ በምክር ብቻ አይገባም፤ በእውነተኛ ገንዘብ ይለመዳል። የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ የሳምንቱን የትራንስፖርትና የደብተር ወጪ ራሱ ይያዝ። 16 ዓመት ሲሞላው ሳምንቱ ወደ ወር ይደግ። ገንዘቡ ቀኑ ሳይደርስ ቢያልቅ፣ ምግቡና የትምህርት ቤት ጉዞው እንዳይቋረጥ እየተደረገ፣ የሌላው ፍላጎቱ ጉድለት እስከ ቀጣዩ የመቀበያ ቀን ይቆይ፤ ወላጅ ወዲያው ከሞላለት ማመዛዘንን አይማርም። የቤቱ ገቢና ወጪም ከልጆች መደበቅ የለበትም። ቤተሰቡ እንዴት እንደሚኖር ያየ ልጅ የተከለከለበትን ምክንያት ይረዳል፣ የወላጆቹንም ድካም ያከብራል።

ትምህርት ቤቶችም በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የመቶኛ ስሌትን በደመወዝ፣ በግብርና በብድር ክፍያ ማስተማር ይችላሉ። 12ኛ ክፍልን ላጠናቀቁት ደግሞ ክረምቱ መልካም ዕድል ነው። ሐምሌን ከወላጅ ጋር፣ ነሐሴን ብቻቸውን የቤቱን አስቤዛ ቢገዙና እያንዳንዱን ወጪ ቢመዘግቡ፣ ከቤት የሚወጡት የራሳቸውን ኑሮ ማስተዳደር ጀምረው ነው።