የትምህርት ቤት ሠራተኞች ደመወዝና የሥራ ሁኔታ እንደ ጥገና ጉዳይ ሲታይ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




አንድ ድልድይ ተመርቆ ለሕዝብ አገልግሎት ከተከፈተበት ዕለት አንሥቶ ማርጀት ይጀምራል። ጎርፍ መሠረቱን ይሸረሽረዋል፤ ብረቱን ዝገት ይበላዋል። ስለሆነም የግንባታው ወጪ ብቻ ተሰልቶ የጥገናው ከተዘነጋ ሒሳቡ ጎዶሎ ነው። ኢትዮጵያም ይህንኑ በመገንዘብ በ1989 ዓ. ም. የመንገድ ፈንድን በአዋጅ ስታቋቁም፣ በነዳጅ ላይ ከሚጣለው ክፍያ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለመንገዶች ጥገና እንዲውል ደንግጋለች። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ብሂል በሕግ ቋንቋ ተጻፈ ማለት ነው።

ለመንገድ የታሰበው ይህ ጥንቃቄ ለትምህርት ቤት ገና አልታሰበም። ሕንፃውን የሚያቆመው ድንጋይና ቆርቆሮ ቢሆንም ትምህርት ቤቱን የሚያቆሙት መምህሩ፣ የቤተ ሙከራ ቴክኒሺያኑ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ፣ መዝገብ ያዡ፣ ጽዳት ሠራተኛዋና ዘበኛው ናቸው። የእነዚህ ሰዎች ደመወዝና የሥራ ሁኔታ የትምህርት ቤቱ የጥገና ወጪ እንጂ ችሮታ አይደለም። ጥገና ደግሞ የሚሠራው በመርሐ ግብር ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። የየካቲት 1966 ዓ. ም. የሕዝብ እንቅስቃሴ ሲቀሰቀስ፣ መምህራን በየካቲት 11 ቀን ሥራ ያቆሙት ስለ ደመወዛቸውና «ሴክተር ሪቪው» ተብሎ ስለሚታወቀው የትምህርት ዕቅድ በአንድነት በመጠየቅ ነበር። ከዚያም ቀደም ሲል፣ በመስከረም 25 ቀን 1959 ዓ. ም. በፓሪስ የጸደቀው ስለ መምህራን ሁኔታ የሚደነግገው ዓለም አቀፍ የውሳኔ ሐሳብ፣ የመምህር ደመወዝ ተመሳሳይ የትምህርት ደረጃ ከሚጠይቁ ሌሎች ሙያዎች ጋር ሲነጻጸር የሚያኮራ እንዲሆን አሳስቧል። መርሁ እንግዲህ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ታውቆ ቆይቷል፤ የጎደለው አፈጻጸሙ ነው።

ጭማሪ አልተደረገም ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። በ2017 ዓ. ም. መጀመሪያ በተደረገው ማስተካከያ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር ሲያድግ፣ ከፍተኛው ከ20,468 ወደ 21,492 ብር ብቻ ከፍ ብሏል። ከመስከረም 2018 ዓ. ም. ጀምሮ ደግሞ ዝቅተኛው 6,000 ብር፣ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር፣ ከፍተኛው 39,000 ብር እንዲሆን ተወስኗል። ሁለቱ እርምጃዎች ሲተያዩ የመጀመሪያው ለዘበኛውና ለጽዳት ሠራተኛዋ ያደላ፣ ሁለተኛው ለተማረው ሰው ያደላ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ዝቅተኛው ደመወዝ ያደገው 26 ከመቶ ገደማ ሲሆን የዲግሪ መነሻው ግን 66 ከመቶ ገደማ ነው። ከሁለቱም ቀደም ብሎ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ. ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የቀለቡና የቤት ኪራዩ ዋጋ በየወሩ ሲንር ደመወዙ በዓመታት አንድ ጊዜ የሚነሣ ከሆነ፣ ጭማሪው የደረሰው የፈረሰውን ለመጠገን ነው ማለት ነው።

ከመጠኑም ሌላ የመክፈያው ቀን አለ። በጥቅምት 2013 ዓ. ም. በተነሣው ጦርነት ሳቢያ የትግራይ መምህራን ከአንድ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ያለ ደመወዝ ቆይተዋል፤ ከዚያም ወዲህ በሌሎች ክልሎች ደመወዝ ሲዘገይ ታይቷል። ዱቤ የሚሸጥለት ባለሱቅ ትዕግሥቱ ባለቀ ጊዜ መምህሩ በክፍል ውስጥ ምን ዓይነት ልብ ይዞ ሊቆም እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የሥራው ሁኔታም በቁጥር ሊለካ የሚችል ነው። በመመዘኛው መሠረት የሁለተኛ ደረጃ ክፍል ተማሪዎች ቁጥር 40 ነው። አምስት ክፍል የሚያስተምር የፊዚክስ መምህር በመመዘኛው ቢሆን 200 ተማሪዎች ይኖሩታል፤ በየክፍሉ 60 ሲቀመጡ ግን 300 ይሆናሉ። ለአንድ የፈተና ወረቀት አምስት ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ እርማቱ ከ17 ሰዓት ያህል ወደ 25 ሰዓት ያድጋል። ይህም የሚሠራው ከትምህርት ሰዓት ውጭ፣ ብዙውን ጊዜ በተከራየባት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ውጤቱም ይታወቃል፤ መምህሩ የማስረዳት ጥያቄ ትቶ «እውነት ወይም ሐሰት» ይጠይቃል፤ ተማሪውም ሳያሰላ መገመትን ይለምዳል።

መሣሪያ ሰውን ይተካል የሚለው ተስፋ ደግሞ ተሞክሯል። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ቴሌቪዥን ተሰጥቶ ትምህርቱ በሳተላይት ይተላለፍ ጀመር። ነገር ግን ሥዕሉ የተማሪውን ጥያቄ አይሰማም፤ መብራት ሲጠፋም ትምህርቱ አብሮ ይጠፋል፤ የተበላሸውን የሚጠግን ባለሙያ በሌለበትም ውዱ መሣሪያ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። መሣሪያ የሚያገለግለው በሥራው የረካ ሰው ሲይዘው ነው።

እንግዲህ የሚከተሉት አሳቦች ለውይይት ይቀርባሉ፦

ሀ/ የደመወዝ ማስተካከያ የኑሮ ውድነትን ተከትሎ በተወሰነ ጊዜ፣ በታወቀ ስሌት እንዲደረግ፤

ለ/ የወረዳው ገቢ ቢጓደል እንኳ ደመወዝ በቀኑ እንዲከፈል የሚያስችል መጠባበቂያ በክልል ደረጃ እንዲያዝ፤

ሐ/ ከከተማ ርቀው ለሚሠሩ መኖሪያ ቤት ከመማሪያ ክፍሉ ጋር አብሮ እንዲታቀድ፤

መ/ ቤተ ሙከራ በተሠራ ቁጥር የቴክኒሺያኑ የሥራ መደብና ደመወዝ በዚያው በጀት እንዲጸድቅ፤ የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞችም በማናቸውም ማስተካከያ እንዳይዘነጉ።

«ገንዘቡ ከወዴት ይምጣ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ተገቢም ነው። የወረዳዎች የትምህርት በጀት አብዛኛው አሁንም ለደመወዝ የሚውል ስለሆነ ለጠመኔና ለኬሚካል የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሆኖም ያልተከፈለ የጥገና ወጪ ሌላ ቦታ ሄዶ መከፈሉ አይቀርም። የ2014 ዓ. ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ. ም. 3.2፣ በ2016 ዓ. ም. 5.4 ከመቶ ሆነዋል። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱም፣ ወረርሽኙም፣ የፈተናው ቁጥጥር መጥበቁም አሉበት። ነገር ግን ደካማ መሠረት የሚታወቀው ጭነት ሲበዛበት ነው።

ይህ ጉዳይ የመምህራን ማኅበር ብቻ ተደርጎ ሊተው አይገባም። ነገ ድልድዩን የሚነድፈው፣ ግድቡን የሚቆጣጠረው፣ የመብራቱን መስመር የሚዘረጋው መሐንዲስ ዛሬ በዘጠነኛ ክፍል ወንበር ላይ ሦስተኛ ሆኖ ተጣቦ ተቀምጧል። ከፊቱ የቆመው መምህር የወሩን ኪራይ እያሰላ ነው ወይስ ትምህርቱን? የሙያ ማኅበራት ሁሉ በበጀት ወቅት ይህን ጥያቄ ለክልል ምክር ቤቶችና ለወረዳ አስተዳደሮች ደጋግመው ቢያቀርቡ፣ ለመንገዱ የተገኘው መላ ለትምህርት ቤቱም የማይገኝበት ምክንያት የለም።