ሦስት ልብስ ስለሚደርበው የሕፃናት ተቅማጥ ቫይረስ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ



ጠላቱን ለማሸነፍ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የጠላቱን መልክ፥ የጋሻውን ዓይነትና የሚገባበትን በር መርምሮ ማወቅ ይገባዋል። ማን እንደ ወጋው ሳያውቅ ጦሩን የሚወረውር ግን ወዳጁን ያቈስላል እንጂ ጠላቱን አያገኝም። በብዙ ቤት በሕፃናት ላይ የሚደርሰው ነገር ይህን ይመስላል። ሕፃኑ ያስመልሰዋል፥ ያተኵሰዋል፥ እንደ ውሃ የቀጠነ ተቅማጥም ይይዘዋል። ዘመዶቹም እኩሌቶቹ «እንጥሉ ወርዷል» ብለው እንጥሉን ያስቈርጡታል፤ እኩሌቶቹም «የጥርስ በሽታ ነው» ብለው ገና ያልበቀለውን የወተት ጥርስ ከድዱ ፈልቅቀው ያስነቅሉታል። ሕፃኑ ደሙ ይፈሳል፥ ቍስሉም ይመረቅዛል፤ በሽታው ግን በእንጥሉም በድዱም አልነበረምና ሥራውን ከመሥራት አያርፍም። እንግዲህ በሽታው የት እንዳለና በምን መሣሪያ እንደሚዋጋ ለማስረዳት፥ ከተቅማጥ አምጪዎች ሁሉ በሕፃናት ላይ እጅግ የበረታውን የአንዱን ረቂቅ ነገር አካል መግለጥ ያስፈልጋል። ስሙም ሮታ ቫይረስ ይባላል።

በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. በአውስትራልያ አገር በሜልቦርን ከተማ፥ ሩት ቢሾፕ የተባለች ሊቅ ከባልደረቦችዋ ጋራ፥ በተቅማጥ ከታመሙ ሕፃናት አንጀት ጥቂት ሥጋ ወስደው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቢመለከቱ፥ በአንጀቱ ሕዋሳት ውስጥ ቍጥራቸው የበዛ ክብ ነገሮችን አገኙ። ከዚያ በፊት የብዙ ሕፃናት ተቅማጥ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይቀር ነበር። በተከታዩ ዓመት ቶማስ ፍሉዌት የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ መልኩ መንኰራኵር ስለ መሰለው ሮታ ተብሎ እንዲጠራ ዐሳብ አቀረበ። ሮታ በላቲን ቋንቋ መንኰራኵር ማለት ነውና።

መጠኑም እጅግ ትንሽ ነው። አንድ ሚሊሜትር 10,000 ቦታ ቢከፈል፥ ይህ ቫይረስ ከነእሾሁ ከዚያ አንዱን ክፍል ያህላል። ስለዚህ በዓይን ቀርቶ በተራ አጉሊ መነጽርም አይታይም። እህል አይበላም፥ አይተነፍስም፥ ከሰው ወይም ከእንስሳ ሕዋስ ካልገባም አይራባም። ሁለመናው በ11 ቍራጭ የተጻፈ አንድ ትእዛዝ፥ ትእዛዙን የሚገለብጡ ጥቂት ፕሮቲኖች፥ እነዚህንም የሚሸፍን የፕሮቲን ልብስ ነው። ትእዛዙ የተጻፈበት ነገር አር.ኤን.ኤ. ይባላል።

ምስጢር ያለበት ደብዳቤ በአንዱ ፖስታ ላይ ሌላው እየተደረበ እንደሚታሸግ፥ ይህም ትእዛዝ በሦስት ልብስ ታሽጓል። የውስጠኛው ልብስ ቪ.ፒ. 2 ከሚባል ፕሮቲን 120 ሆኖ ተገጣጥሟል። የመካከለኛው ቪ.ፒ. 6 ከሚባል ፕሮቲን 780 ሆኖ፥ ሦስት ሦስቱ እየተጣመሩ 260 ዐምድ ሠርተዋል። የውጭኛው ደግሞ ቪ.ፒ. 7 ከሚባል ፕሮቲን እንዲሁ 780 ሆኖ፥ ሦስት ሦስቱ ተጣምረው በ260ው ዐምድ ላይ እንደ ቆብ ተደፍተዋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ቪ.ፒ. 4 ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ 60 እሾሆች ወደ ውጭ ወጥተው ይታያሉ። ይህንንም መልክ በ1988 ዓ.ም. በአውሮጳውያን አቈጣጠር ፕራሳድ የተባለ ሊቅና ባልደረቦቹ ቫይረሱን በብርቱ ቅዝቃዜ አቀዝቅዘው ፎቶግራፉን በማንሳት፥ ርዝመቱን፥ ወርዱንና ጥልቀቱን ለይተው አሳዩ።

መምህሩ ይህን ለተማሪዎቹ ማሳየት ቢፈልግ ብዙ ወጪ አያሻውም። ጐኖቻቸው እኩል የሆኑ 20 ባለ ሦስት ማዕዘን ወረቀቶች ቈርጦ፥ በየማዕዘኑ አምስት አምስቱ እንዲገናኙ አድርጎ ቢያጣብቃቸው 12 ማዕዘን ያለው ክብ መሰል አካል ይወጣለታል። የቫይረሱ ልብስ የተሰፋው በዚህ ሥርዓት ነው። በመካከለኛውና በውጭኛው ልብስ ላይም 132 ቀዳዳዎች አሉ። 12ቱ በ12ቱ ማዕዘን ላይ ይገኛሉ፤ በየማዕዘኑም ዙሪያ አምስት አምስት ቀዳዳ ስላለ 60 ይሆናል፥ እሾሆቹም የተተከሉት በእነዚህ ነው፤ የቀሩት 60 በየገጹ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ተከፍለዋል። ተማሪዎቹ ሒሳቡን ራሳቸው ደምረው ይድረሱበት።

አሁን ይህ ልብስ የሚሠራውን ሥራ ልብ አድርጉ። ሕፃኑ በእጁ ወይም በምግቡ ቫይረሱን ሲውጥ፥ በአንጀት ውስጥ ምግብን የሚፈጭ ትሪፕሲን የሚባል ነገር ያገኘዋል። ይህም እሾሁን ይቈርጠዋል፤ ነገር ግን የተቈረጠው እሾህ በመጥፋት ፈንታ ይበልጥ ይሳላል፥ የአንጀትንም ሕዋስ ለመውጋት ይዘጋጃል። የውጭኛው ልብስ የተያያዘው በካልሲየም ነው። በሕዋስ ውስጥ ያለው ካልሲየም እጅግ ጥቂት ስለሆነ፥ ቫይረሱ ወደ ውስጥ ሲገባ ማሰሪያው ይላላና የውጭኛው ልብስ ይወልቃል። ሁለቱ የውስጥ ልብሶች ግን አይወልቁም። ዋናው ጽሑፍ በውስጣቸው ተሰውሮ ይቀራል፤ ግልባጩ ብቻ በማዕዘኖቹ ቀዳዳ እየወጣ ሕዋሱን ያዝዘዋል። ሕዋሱም እንደ ተማረከ ባሪያ የራሱን ሥራ ትቶ ሌሎች ቫይረሶችን ሲሠራ ቈይቶ ይሞታል።

እነዚህ ሕዋሳት በትንሹ አንጀት ላይ እንደ በግ ለምድ ጠጕር ቆመው ምግብንና ውሃን የሚመጡ ናቸው። እነርሱ ሲሞቱ ሕፃኑ የሚጠጣው ሳይመጠጥ ያልፋል። ከዚህም በላይ ቫይረሱ የሚያሠራው አንድ መርዛም ፕሮቲን ጨውና ውሃ ከሰውነቱ እንዲፈስ ያደርጋል። ስለዚህ ሕፃኑን የሚገድለው የውሃው ማለቅ ነው። ዓይኑ ይጐደጕዳል፥ አፉ ይደርቃል፥ ሲያለቅስ እንባ አይወጣውም፥ ቈዳው ቢቈነጠጥ ቶሎ አይመለስም፥ ይፈዝዛልም።

ይህ ቫይረስ በጠንካራ ልብሱ ምክንያት ከታመመው ሕፃን ከወጣ በኋላም በእጅ ላይ ለሰዓታት፥ በዕቃ ላይ ለቀናት መቈየት ይችላል። እጅን በሳሙና መታጠብና መጸዳጃን መጠበቅ ብዙ ተቅማጥን ያስቀራል፥ ሊተውም አይገባም፤ ነገር ግን ሮታን ብቻውን አያግደውም። ክትባት ሳይገኝ በፊት በሀብታምም በድኻም አገር ሕፃናት ሁሉ ማለት ይቻላል 5 ዓመት ሳይሞላቸው ይይዛቸው ነበር። ስለዚህ ልጅዋ የታመመባትን እናት «ቸልተኛ ነሽ» ብሎ መንቀፍ አይገባም። ልዩነቱ በሞቱ ላይ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. በአውሮጳውያን አቈጣጠር በዓለም ላይ ከ500,000 የማያንሱ ሕፃናት በሮታ እንደ ሞቱ ተገምቷል፤ አብዛኞቹም ሕክምና በራቀባቸው አገሮች ያሉ ነበሩ።

መድኃኒቱ የተገኘው ግን ከዚያው ከልብሱ ነው። የሰው ሰውነት የቫይረሱን እሾህና የውጭኛውን ልብስ አንድ ጊዜ ካየ በኋላ ያስታውሰዋል፥ በሚመለስበትም ጊዜ የሚይዙትን መከላከያዎች ያሰልፍበታል። ስለዚህ ሊቃውንት ከታመመ ሕፃን የተገኘውን ቫይረስ በቤተ ሙከራ ደጋግመው በማራባት ኃይሉን አደከሙት፤ ሰውነት ጠላቱን የሚያውቅበት ልብስ ግን አልጠፋም። ይህ ክትባት በኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. ተጀመረ። የሚሰጠውም በመርፌ ሳይሆን በአፍ ነው፤ ሲጀመርም ሕፃኑ 6 ሳምንትና 10 ሳምንት ሲሞላው እንዲሰጥ ተወሰነ። በማላዊና በደቡብ አፍሪቃ ተደርጎ በ2010 ዓ.ም. በአውሮጳውያን አቈጣጠር የታተመው ምርመራ፥ ክትባቱ በመጀመሪያው የዕድሜ ዓመት ከባዱን የሮታ ተቅማጥ ከ100 እጅ 61 እጅ ያህሉን እንዳስቀረ ገለጠ። ሁሉን አላስቀረም፤ ሌላውንም ዓይነት ተቅማጥ አይከለክልም። ስለዚህ የተከተበ ሕፃን ተቅማጥ ቢይዘው «ክትባቱ ከንቱ ነው» ማለት ስሕተት ነው።

ሕፃኑ ከታመመ የፈሰሰው ውሃና ጨው ሊተካለት ይገባል። ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውን ሕይወት አድን ዱቄት በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውሃ በጥብጦ በጥቂት በጥቂቱ ማጠጣት ነው። ዱቄቱ ካልተገኘ፥ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፥ ማንኪያው ሳይቈለል ተለክቶ፥ ይበጠበጥ፤ ጨው ከዚህ አይብዛ። ቢያስመልሰውም 10 ደቂቃ ያህል ቈይቶ እንደ ገና መስጠት ይገባል። የጡት ወተት ከቶ አይቋረጥ። የጤና ሠራተኛ የሚሰጠውን ዚንክም እስከ ፍጻሜው ይዋጥ። ሕፃኑ ከፈዘዘ፥ መጠጣት ካቃተው ወይም በተቅማጡ ደም ከታየ ያለ መዘግየት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ክቡራን ሽማግሌዎች፥ በመንደር ውስጥ የእናንተ ቃል ይሰማል፤ ምላጭና መንቀያ ይዞ ወደ ሕፃኑ የሚቀርበውን ሰው «ተው» ብትሉት ይተዋል። ክቡራን መምህራንም፥ በወረቀት ሠርታችሁ የምታሳዩት ያ ባለ 20 ገጽ አካል ዛሬ ለተማሪው መጫወቻ ቢመስለውም፥ ነገ ታናሽ ወንድሙ ሲታመም በሽታው በአንጀት እንጂ በድድ እንዳልሆነ ለእናቱ ይነግራታል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ሕፃኑ በ6 ሳምንቱ የሚወስዳት ጥቂት ጠብታ ከብዙ ለቅሶ ታድናለች።