የአህያዋ ጀርባ

እንስሳ እወዳለሁ ስንል አብዛኛውን ጊዜ በዓይናችን የሚመጣው የምናቅፈው ቡችላ፣ እግራችን ሥር የምትተሻሸው ድመት ነው። እኔ ግን ፍቅራችን የሚፈተነው አህያ ጀርባ ላይ ይመስለኛል።

በአህያ ብዛት አገራችን ከዓለም ቀዳሚ ናት። እህሉን ወፍጮ ቤት፣ ውሃውን ከምንጭ፣ አሸዋውንና ሲሚንቶውን ግንባታው ድረስ የምታደርሰው እሷ ናት። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ የነበረው የአህያ ቄራ በሕዝብ ተቃውሞ ሲዘጋ ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር፤ ደስ ሊለንም ይገባ ነበር። ከቢላዋ የተረፈችው አህያ ግን በማግስቱም ተጭናለች።

እስቲ ኩርታኗን አንስታችሁ እዩ። ጭዱ ሳስቶ ጨርቁ ከተቀደደ ጭነቱ በቀጥታ አከርካሪዋ ላይ ያርፋል፤ ቆዳዋ ይላጣል፣ ገጣባ ይሆናል፣ ዝንብ ይወርረዋል። ቀጭኑ የናይለን ገመድ ደግሞ ከጭራዋ ሥር ሥጋዋን ይቆርጣል። መፍትሔው ውድ አይደለም፦ ወፈር ያለ ኩርታን፣ ሰፋ ያለ ለስላሳ መጫኛ፣ ቁስሉ እስኪሽር ዕረፍት። የሚከብደው ዕረፍቱ ነው። የዕለት እንጀራው በእሷ ጀርባ የሆነ ሰው አንድ ቀን አሳረፋት ማለት ከልጆቹ ጉርሻ ቀነሰ ማለት ነው። ይህን እያወቀ የሚያሳርፋት ባለአህያ፣ በእኔ ዓይን፣ እውነተኛ የእንስሳ ወዳጅ እሱ ነው።

እኛ አስጫኞቹም ጭነቱ በሁለት ዙር ይምጣ ብለን የሁለተኛውን ዙር ሂሳብ መክፈል እንችላለን።