ከቦንጋ ተነሥቶ አንድ ቀን፤ ጫካ፣ ጉድባና ዋሻ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ ካፋው ጉዞአችን እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ ጥቂት አመነታሁ። ቀያሽ የሆነ ሰው ስለ አንድ አገር ሲጠየቅ ርቀቱን፣ ከፍታውንና ተዳፋቱን መዘርዘር ይቀናዋል እንጂ ያየውን ማውጋት እምብዛም አይሆንለትም። ሆኖም በዚያ ቀን ካየነው አብዛኛው በሜትር የሚለካ አልነበረም። ደግሞም ከብዙ ዓመታት በፊት በዚያው አገር የፈጸምሁት አንድ ስሕተት እስከ ዛሬ በልቤ ተቀምጦ ስለሚኖር፣ ሁለቱን አያይዤ ላቀርብላችሁ ወሰንሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጠቅሰው በእኛው አቆጣጠር ነው።

ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከባሕር ወለል በላይ ከፍታዋ 1,700 ሜትር ገደማ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የካፋ ዞን ብቻ ሳትሆን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ዋነኛ መቀመጫም ሆናለች። ከጅማ መጥቶ ጎጀብን የተሻገረ መንገደኛ ወደ ካፋ መግባቱን ለማወቅ የመንገድ ሰሌዳ አያሻውም። አየሩ ይረጥባል፤ መንገዱ ይጠመዘዛል፤ ከግራና ከቀኝ ያለው አረንጓዴ ከአስፋልቱ ዳር ድረስ ወርዶ ይቀበለዋል።

ጎሕ ሲቀድ ከከተማው ወጥተን ከጥቂት ጊዜ በኋላ መኪኖቻችንን አቁመን በእግር ወደ ጫካው ገባን። እንደምታውቁት የእኛ ሙያ ሰዎች ዛፍን የምናየው አብዛኛውን ጊዜ እይታን የሚጋርድ መሰናክል አድርገን ነው። በዚያ ጠዋት ግን ጫካው እንደ ፎቅ ቤት የተሠራ መሆኑን አስተዋልን። ከላይኛው ደርብ ቀረሮና ጌተም አናታቸውን ከደመናው ጋር አገናኝተዋል። ከእነርሱ በታች ዋንዛ፣ ብሳናና ሰሳ ይገኛሉ። ከዚያ ዝቅ ብሎ በጥላው ውስጥ ቡናው ቆሟል፤ ከምድር ወለል ላይ ደግሞ ኮረሪማው ቅጠሉን ዘርግቷል። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የሚዘልለው ጉሬዛ ነጭ ካባውን አንጠልጥሎ ከላይ ይመለከተን ነበር።

የጫካው ቡና የጓሮ ቡና ለለመደ ዓይን አያስደስትም። ቀጭን ነው፤ ብርሃን ፍለጋ ረዝሟል፤ ፍሬውም ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ዋጋው በፍሬው ብዛት አይተመንም። በ2016 ዓ.ም. የወጣ የዘር ጥናት እንዳስረዳው፣ ዓለም የሚጠጣው የዐረቢካ ቡና ከ600,000 ዓመታት ገደማ በፊት ሁለት የቡና ዝርያዎች በተፈጥሮ ተዳቅለው የተገኘ ነው። ከኢትዮጵያ በየመን በኩል ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው ቡና ከጥቂት ዘር የተባዛ በመሆኑ፣ የቤተሰቡ ሀብት የቀረው እዚሁ በደቡብ ምዕራብ ጫካዎቻችን ውስጥ ነው። በ1960ዎቹ የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ ገበሬውን ባስጨነቀ ጊዜ፣ በሽታውን የሚቋቋሙ ዘሮች ተመርጠው የወጡት ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ቡና መካከል ነበር። “ኮፊ” የሚለው ቃል ከካፋ ነው ወይስ ከዐረብኛው “ቀህዋ” የሚለውን ክርክር ለቋንቋ ሊቃውንት እንተውላቸው፤ ከፍቾዎች ራሳቸው ቡናን “ቡኖ” ነው የሚሉት።

እዚህ ላይ ቀደም ብዬ የጠቀስሁትን ስሕተቴን ልናገር።

ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ስሙን የማላነሣው አንድ መሥሪያ ቤት የመጋቢ መንገድ መስመር እንድንቀይስ ወደ ካፋ ልኮን ነበር። በእጃችን የነበረው ካርታ አካባቢውን በአረንጓዴ ቀለም ሞልቶ “ደን” የምትል አንዲት ቃል ብቻ ጽፎበታል። እኛም የቴዎዶላይቱን እይታ የሚከለክለውን ሁሉ እያስቆረጥን ቀጥ ያለ መስመር ዘረጋን። በሦስተኛው ቀን አንድ ታላቅ ጌተም ወደቀ። ቅርንጫፎቹ ላይ ሰባት ቀፎዎች ነበሩበት።

በማግስቱ አንድ ሽማግሌ መጥተው በወደቀው ግንድ ላይ ተቀመጡ። አልተቆጡም። “ልጄ፣ ይህ ዛፍ የማን እንደሆነ ጠይቀህ ነበርን?” አሉኝ። እኔም፣ “አባቴ፣ ይህ ጫካ አይደለምን? የመንግሥት ነው” ብዬ መለስሁላቸው። ጥቂት ዝም አሉና በዙሪያችን ያሉትን ዛፎች በበትራቸው እያመለከቱ የያንዳንዱን ባለቤት ስም ከነአባቱ ይጠሩልኝ ጀመር። አሥራ አንድ ዛፍ ቆጠሩ። በካርታዬ ላይ ግን አንዱም አልነበረም። ካሣ እንዲከፈላቸው ለመጻፍ ቅጹን ባወጣ፣ ቅጹ ለቤትና ለእርሻ እንጂ ለቀፎ ዛፍ ዓምድ አልነበረውም። መንገዱም ኋላ በሌላ በኩል ተሠራ። እኛ የጠረግነው መስመር ለማንም ሳይጠቅም ቀረ።

ሽማግሌው በበትራቸው ያሳዩኝ ሥርዓት በከፍቾዎች ዘንድ “ኮቦ” እንደሚባል የተማርሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በዚህ ልማድ የጫካው ክልል ቀፎ ለመስቀል ለየቤተሰቡ የተደለደለ ሲሆን፣ መብቱም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ከጌተም አበባ የሚገኘው ነጭ ማር የአንድን ቤት ዓመታዊ ገቢ ይሸፍን ይሆናልና ባለቤቱ ዛፉን እንደ ከብቱ ይጠብቀዋል። ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በቦንጋ አካባቢ ደንን በውል ለአካባቢው ሕዝብ አስረክቦ አብሮ የመጠበቅ ሥራ ተሞክሯል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ ከ760,000 ሄክታር የሚበልጠውን የካፋን ምድር የባዮስፌር ክልል ብሎ መዝግቦታል። መዝገቡ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ከመዝገቡ አስቀድሞ ጫካውን ያቆየው የማር ባለቤት መሆኑን መርሳት አይገባም።

ቀትር ላይ አንደራቻ ደረስን። አንደራቻ የካፋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። “ታቶ” የሚባለው ንጉሥ “ሚክሬቾ” ከተባሉት ሰባት አማካሪዎቹ ጋር አገሩን ያስተዳድር ነበር። ቤተ መንግሥቱ ከእንጨት የተሠራ ስለነበር በጦርነቱ ጊዜ ተቃጥሎ ጠፍቷል። ለእኛ ለመሐንዲሶችና ለቀያሾች ይልቅ የሚያስደንቀን የአገሩ ምሽግ ነው። ካፋዎች ድንበራቸውን በጥልቅ ጉድባ አጥረው መግቢያና መውጫውን በኬላ ይጠብቁ ነበር። ጉድባው ወንዙንና ገደሉን እንደ አጥር እየተጠቀመ፣ ተፈጥሮ የማይከላከልበትን ቦታ ብቻ እየመረጠ የተቆፈረ ነው። መሬትን እንዲህ ማንበብ የቻለ ቀያሽ መሣሪያው ምን እንደነበረ ባናውቅም ባልደረባችን ነው።

ያም ሆኖ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር በመጣ ጊዜ ጉድባው አገሩን አላዳነም። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት በጫካ እየተሸሸገ ከተዋጋ በኋላ በ1890 ዓ.ም. መባቻ ተማረከ፤ ወደ አገሩም ሳይመለስ በግዞት ሞተ። ጎጀብን ሲሻገር ቀለበቱን ወደ ወንዙ መጣሉ እስከ ዛሬ በቃል ይነገራል። ዘውዱ እንኳ እስከ ስዊዘርላንድ ተጉዞ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው። ከድሉ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1897 ዓ.ም. ካፋን የጐበኘው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር የአገሩን ወግና ታሪክ በሁለት ቅጽ ጽፏል። ጦርነቱ የብዙ ሰው ሕይወት የጠፋበት በመሆኑ፣ በጉድባው ዳር ቆመን ስለ ምሕንድስናው ብቻ መነጋገራችን ለአፍታ አሳፍሮን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ “የእግዜር ድልድይ” ወደሚለው ቦታ ወረድን። ውሃው ከታች ዐለቱን ሰርስሮ ያልፋል፤ መንገደኛ ከላይ በዐለቱ ላይ ይሻገራል። በባሌ ያለውን የሶፍ ዑመርን ዋሻ ያያችሁ አላችሁ። ያ ወንዝ የኖራ ድንጋይን እያሟሟ የሠራው ነው። የካፋ ምድር ግን ከእሳተ ገሞራ የወጣ ዐለት ስለሆነ ዋሻው የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው፤ ለስላሳው ንብርብር ከሥር ታጥቦ ሲሄድ ጠንካራው ከላይ እንደ ጣሪያ ይቀራል። እንዲህ ካሉት የዐለት ጥላዎች አንዱ ኩማሊ ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ የአርኪዮሎጂ ሊቃውንት ቆፍረውት፣ ሰው በካፋ ጫካ ውስጥ ከብዙ ሺህ ዓመታት አንሥቶ እየኖረ መምጣቱን የሚያስረዳ ቅርስ አግኝተውበታል። እንግዲህ ካርታዬ ባዶ ያደረገው ጫካ ምን ጊዜም ባዶ አልነበረም ማለት ነው።

ወደ ቦንጋ ስንመለስ አንድ ባልደረባችን ስለ ኮሪያ አነሣ። የቃኘው ሻለቃ ዘማቾቻችን በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ሲደርሱ የተዋጉት በጦርነትና በማገዶ ለቀማ በተራቆቱ ተራሮች ላይ ነበር። ኮሪያውያን በ1965 ዓ.ም. የአሥር ዓመት የደን ልማት ፕላን አውጥተው ከቀጠሮው ቀድመው ፈጸሙት፤ ዛሬ ተራሮቻቸው ለምልመዋል። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን የተተከለ ዛፍ የጫካን ቡና፣ ኮረሪማና ማር ወዲያው ይዞ አይመጣም። እነርሱ ያጡትን ለመመለስ ደከሙ፤ የእኛ ድካም ገና ያላጣነውን ለመጠበቅ ቢሆን ሸክሙ ይቀልልናል።

ክቡራን አባላት፤ መንገድ አይሠራ የሚል ቃል ከእኔ አይወጣም። ወላድ በቃሬዛ ስትወርድ ያየ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም። የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። አንደኛ፣ በደን ውስጥ መስመር ከመዘርጋታችን በፊት ባለቀፎዎቹን ጠርተን ዛፎቻቸውን በካርታው ላይ በስማቸው እንመዝግብ። ሁለተኛ፣ ጉድባውንና ዋሻውን እንደ ወንዝና እንደ ገደል ቆጥረን በፕላናችን እናስፍራቸው። ሦስተኛ፣ የካሣው ቅጽ ለቀፎ ዛፍ ዓምድ እንዲኖረው ማኅበራችን ለሚመለከታቸው ሁሉ ይጻፍ።

እኒያ ሽማግሌ በሕይወት የሉም። አሥራ አንዱን ዛፍ ግን ዛሬም በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ ያኔ የጻፍሁት በመስክ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ነበር። በዚህ ጉዞ ደብተሩን ይዤ ሄጄ ነበርና ልጃቸውን አግኝቼ አነበብሁላቸው። ዘጠኙ ቆመዋል አሉኝ።